ኖስፌራቱ በጠራራ ፀሐይ አልወጣም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ድሮ አስፈሪ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቅር አለኝ። ጸሐፊው ኖስፌራቱ የተባለውን ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም ከማስፈራት ይልቅ ያስቃል ብለው አለፉት። ያዩት የትኛውን ቅጂ ይሆን?

እኔም መጀመሪያ ያየሁት ዩቲዩብ ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ያውም የደበዘዘ። አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ፣ የፊልሙ ቫምፓየር ካውንት ኦርሎክ የሬሳ ሣጥኑን በብብቱ ይዞ በጎዳናው ሲሄድ አይታ፣ «ጋሼ፣ ቫምፓየር ፀሐይ ይገድለዋል አላሉኝም? ታዲያ ይሄ በጠራራ ፀሐይ ምን ያዞረዋል?» ብላ ሳቀች። መልስ አልነበረኝም።

ለካ ሌሊት ነው! እ.ኤ.አ. በ1922 ከቤት ውጭ በጨለማ ፊልም መቅረጽ ከባድ ነበር። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሙርናው በቀን ብርሃን ይቀርጻል፣ ከዚያ የፊልሙ ቅጂ ቀለም ውስጥ ይነከራል። ሰማያዊ ከሆነ ሌሊት ነው፣ ቢጫ ከሆነ ቀን ወይም የመብራት ብርሃን፣ ሮዝ ከሆነ ንጋት። የያኔው ተመልካች ይህን ለምዶታል። ቀለሙ የጠፋበት ቅጂ ግን ሌሊቱን ሁሉ ቀን አደረገብን።

ፊልሙ ደግሞ የቆመው በዚሁ በሌሊትና በቀን ልዩነት ላይ ነው። ፊልሙ የተቀዳበት የብራም ስቶከር ልብ ወለድ ቫምፓየር፣ ድራኩላ፣ በቀንም ይንቀሳቀሳል። ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ ፀሐይ አትገድለውም፤ የሞተውም በስለት ነው። ቫምፓየርን በፀሐይ ያጠፋው ይህ ፊልም ነው፣ ሌሎቹ ከሱ ቀዱት። መጨረሻ ላይ የፊልሙ ባለታሪክ ኤለን ጎሕ እስኪቀድ ድረስ አጠገቧ ታቆየዋለች። ዶሮ ይጮኻል። ኦርሎክ ቀና ይላል፣ ግን መሽቶበታል፤ ይቅርታ፣ ነግቶበታል። በመስኮት የገባው ብርሃን ሲያገኘው ጭስ ሆኖ ይቀራል። ሌሊቱን ሌሊት ብሎ ያላየ ሰው ይህ ንጋት ምን ይለዋል?

ቅጂዎቹ የተጎሳቆሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልሙን የሠራው ኩባንያ፣ ፕራና ፊልም፣ የስቶከርን ታሪክ ስም ቀያይሮ ያለ ፈቃድ ነው የሠራው። የደራሲው ሚስት ፍሎረንስ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲወገዱ ወሰነ። እውነት ለመናገር ሐቅ ነበራት። ደግነቱ ፊልሙ ቀድሞ ድንበር ተሻግሮ ነበር።

ኦርሎክን ስለተጫወተው ተዋናይ ስለ ማክስ ሽሬክ አንድ ነገር ልጨምር። ሽሬክ ማለት በጀርመንኛ ድንጋጤ ማለት ነው። ለማስታወቂያ የወጣ ስም እንዳይመስላችሁ፣ የቤተሰቡ ስም ነው።

ጸሐፊው የሙርናው ፋውንዴሽን ያሳደሰውን ባለቀለሙን ቅጂ ፈልገው፣ መብራት አጥፍተው እንዲያዩት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእህቴን ልጅ ያንኑ ቅጂ አሳየኋት። ያ ረጃጅም ጣት ያለው ጥላ ብቻውን ደረጃውን ሲወጣ፣ ስልኳን አስቀመጠች።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ