ምክር ከመጠየቃችሁ በፊት

ውድ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ «ገንዘቤን ምን ላይ ላውለው?» እያላችሁ ትጠይቃላችሁ። እንዲህ በደፈናው ሲቀርብ ግን የሚመልስላችሁ ሰው የራሱን ኑሮ እያሰበ ነው የሚመልሰው።

እስቲ እንዲህ ሞክሩት፦ «የ6 ወር ወጪዬን የሚሸፍን ቁጠባ አለኝ። በዓመት 18 በመቶ ወለድ የምከፍልበት ዕዳም አለብኝ። ቁጠባውን ለልጄ ትምህርት ከ2 ዓመት በኋላ እፈልገዋለሁ። ከዕዳው ምን ያህሉን አሁን ልክፈል?» አሁን መካሪው የሚይዘው ነገር አገኘ። 18 በመቶ የሚያስወልድ ዕዳ መክፈል ያለ ምንም ስጋት 18 በመቶ እንደማትረፍ ነው። እንዲህ ያለ ትርፍ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ይህን ለመጠየቅ እንዳታፍሩ፦ «እርስዎ የሚከፈልዎት ከማን ነው? የሚመክሩኝን ባልገዛ የሚያጡት ኮሚሽን አለ?» ጨዋ ባለሙያ አይቀየምም።

ገንዘባችሁን ለማስተዳደር በየዓመቱ የሚቆረጠውን ክፍያም ጠይቁ። 1 በመቶ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 100,000 በዓመት 6 በመቶ እያደገ 30 ዓመት ቢቆይ 574,000 ገደማ ይሆናል። ከ6 በመቶው ዕድገት አንዱ በመቶ ለክፍያ እየሄደ በ5 በመቶ ብቻ ቢያድግ ደግሞ 432,000 ገደማ ነው። ሒሳቡን በወረቀት ስሠራው ደንግጬ ሁለቴ ደገምኩት።

መልሱ ካልገባችሁ «እንደገና ያስረዱኝ» በሉ። በዚያው ቀን ግን አትፈርሙ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ቤት ግቡ። ጥያቄ ማዘጋጀት የከበዳችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እናወጣዋለን።