ለአሸዋ መረብ ኳስ የግድ ባሕር አያስፈልግም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የዓመቱ ዓለም አቀፍ የቢች ቮሊቦል (ሁለት ለሁለት የሚጫወቱት የአሸዋ መረብ ኳስ) ውድድሮች በስፖርት ገጻችሁ ላይ ብዙ ጊዜ ከአሸናፊዎቹ ስም ያለፈ ቦታ አያገኙም። ባሕር በር በሌላት አገር የባሕር ዳርቻ ጨዋታ የሌሎች ጉዳይ መምሰሉ አይገርምም። ጎንደር ውስጥ ታዳጊዎችን መረብ ኳስ የማሠለጥን እንደ መሆኔ ግን፣ ውድድሮቹ የሚካሄዱባቸው ቦታዎች ራሳቸው የዚህን ተቃራኒ እንደሚመሰክሩ ለአንባቢዎቻችሁ ማሳወቅ እፈልጋለሁ።

በየዓመቱ በክረምታችን መግቢያ ምርጦቹ ጥንዶች የሚገናኙባት ግሽታድ በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. የ2023 የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው ደግሞ ባሕር በማያዋስናት በሜክሲኮዋ የትላክስካላ ግዛት ሲሆን፣ ዋና ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ከጎንደር የማታንስ ደገኛ ናት። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክም ስዊድናውያኑ ዴቪድ ኦማንና ዮናታን ሄልቪግ ወርቁን ያነሡት በአይፍል ማማ ሥር በተደለደለ አሸዋ ላይ ነው። ከእኛው አህጉርም ሩዋንዳ፣ እንደ እኛ ባሕር በር የሌላት ሆና ሳለ፣ በኪቩ ሐይቅ ዳር በሩባቩ ዓለም አቀፍ ውድድር አስተናግዳለች። እኛም ጣና አለን፤ ጎርጎራ ከከተማችን ሩቅ አይደለችም።

የሚያስፈልገው አሸዋ ምን ያህል ነው? ሜዳው 16 በ8 ሜትር ነው፤ በዙሪያው ሦስት ሦስት ሜትር ቢተውለትና አሸዋው 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ 123 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ስምንት ጊዜ ቢመላለስ ያደርሰዋል ማለት ነው። አሸዋው ግን ታጥቦና ተነፍቶ ጠጠሩም አቧራውም መውጣት አለበት፤ ያለዚያ የልጆቹን እግር ይቆርጣል። ከአሸዋው ሥር ጠጠር በደንብ ከተነጠፈ ሜዳው ውኃ አያቁርም፤ የአዘዞ ጥቁር አፈር በሐምሌ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያጓጓኝ ግን ጨዋታው ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት ነው። በአንድ ወገን ሁለት ብቻ ስለሚሰለፉና ተቀያሪ ስለሌለ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች መቀበልም፣ ማመቻቸትም፣ መምታትም ግዴታው ነው። በስድስት ተጫዋች ሜዳ ረዥም ስለሆነ ብቻ መረብ ሥር የቆመ ልጅ ለዓመታት ኳስ መቀበል ሳይማር ሊያድግ ይችላል። ኖርዌያውያኑ አንደርስ ሞልና ክርስቲያን ሶሩም ሲጫወቱ ልብ ብሎ ላየ፣ ከመረቡ ሥር የቆመው ሞል ከሰርቪስ በፊት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በጣቶቹ የትኛውን አቅጣጫ እንደሚዘጋ ይጠቁማል፤ ሶሩምም ያንን አይቶ ክፍት የቀረውን ሜዳ ለብቻው ይጠብቃል። እንዲህ ያለ መተማመን በቃል ብቻ ሊሠለጠን አይችልም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የመጪውን የውድድር ዘመን መርሐ ግብር ከውጤቱ አስቀድሞ እንዲያወጣልን፣ የከተማችን የስፖርት ኃላፊዎችም ለአንድ የአሸዋ ሜዳ የሚሆን ቦታ እንዲፈቅዱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታው ከተፈቀደ፣ ለመረቡና ለምሰሶው የሚሆነውን ከአሠልጣኞችና ከወላጆች ለማሰባሰብ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመረብ ኳስ አሠልጣኝ
ከአዘዞ፣ ጎንደር