ወንበሩ የተለበደበት ቆዳ ከየት መጣ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፦

በአዲስ አበባ አዳዲስ የባህል ምግብ ቤቶች ሲከፈቱና ነባሮቹ ሲታደሱ፣ ባለቤቶቹ ለየቤታቸው ተለክቶ የሚሠራ ወንበርና መደብ ማዘዝ መጀመራቸው በዚህ ሙያ ለምንተዳደር ሰዎች ትልቅ ደስታ ነው። ይሁንና እንጨት ስጠርብና ቆዳ ስለብድ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ስለ እንጨቱ ዓይነትና ስለ ቀለሙ አጥብቀው የሚጠይቁኝ ደንበኞች ስለ ቆዳው ግን «እውነተኛ ነው ወይስ ላስቲክ?» ከማለት አልፈው ሲጠይቁ እምብዛም አልሰማሁም። የየትኛው እንስሳ እንደሆነ፣ ማን እንዳለፋውና የማልፊያው ፍሳሽ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ የምግብ ቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛዬ የጉሬዛ ቆዳ ይዘው መጥተው የወንበር መደገፊያ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ፤ ከአያታቸው ቤት የተገኘ አሮጌ ቆዳ መሆኑንም ነገሩኝ። ቃላቸውን አልተጠራጠርኩም፤ ሆኖም በአዳራሽ መካከል የሚታይ አንድ የጉሬዛ ቆዳ ሌሎች ባለቤቶችም አዲሱን እንዲፈልጉ ስለሚያደርግ ሥራውን አልተቀበልኩም። አገራችን ለመጥፋት በተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ላይ የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት የተቀበለችው በ1981 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999ም በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። የነብርም ሆነ የጉሬዛ ቆዳ ለምግብ ቤት ጌጥ ሊሆን አይገባም።

በአንጻሩ የበሬው ቆዳ፣ ሥጋው በክትፎና በጥብስ ከቀረበ በኋላ የሚተርፍ ነው። በ2000 ዓ.ም. ባልለፋ ቆዳ የውጭ ሽያጭ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ የተጣለው ቆዳው በአገር ውስጥ ዕሴት እንዲጨመርበት ነበር፤ እኔ ግን በበዓል ማግስት በሰፈራችን ጎዳና የተጣለ የበግ ቆዳ እያየሁ አልፋለሁ። ቀድሞ «ቆዳ አለ?» እያሉ ከየበሩ የሚሰበስቡት ሰዎች ቀርተዋል፤ ቆዳ ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨው ካልነካው ይበላሻል።

የእኛ ከብት ሻኛ ስላለው ቆዳው በዚያ በኩል አይዘረጋም፤ ቀንበር የላጠው ትከሻ፣ የእሾህ ጭረትና የመተኮሻ ምልክትም አለበት። በፋብሪካ ምደባ እነዚህ ሁሉ ደረጃ የሚያወርዱ ጉድለቶች ናቸው፤ አንድ ሰፊ ሶፋ በአንድ ወጥ ቆዳ ለመሸፈን ለሚፈልግም በእርግጥ ችግር ናቸው። ለጠፍር ግን ያን ያህል አያስቸግሩም፤ ምክንያቱም ቆዳው በጠባቡ እየተተለተለ በእርጥቡ በእንጨቱ ላይ ይታታል፣ ሲደርቅም ራሱን አጥብቆ ያለ ስፖንጅና ያለ ምስማር ሰው ይሸከማል። እናቶቻችንና አባቶቻችን የተኙበት አልጋ በዚህ ጥበብ የተሠራ ነው። ለመደገፊያ በምለብደው የለፋ ቆዳ ላይም የቀንበሩን ጠባሳ ሆን ብዬ ፊት ለፊት አደርገዋለሁ፤ በሬው አርሶ ያበላን መሆኑን የሚመሰክር ሌላ ነገር በአዳራሹ ውስጥ የለምና። አጎዛን ግን ለመቀመጫ አልመክርም፤ ወጥ ሲፈስበት ከጸጉሩ አይለቅም። የደጋ በግ ለስላሳ ቆዳም ለጓንት የተመሰገነ ቢሆንም የምግብ ቤት ወንበርን መፈጋፈግ አይችልም።

በገጠር የእምቧይ ፍሬ እየቀቡ፣ በእግራቸው እየረገጡ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ። ለዘመናት «ፋቂ» እየተባሉ የተናቁት እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ሥራ ለሚደምቅ አዳራሽ ተገቢውን ዋጋ ሊከፈላቸው ይገባል። ከፋብሪካ ለሚገዛ ቆዳም ቢሆን ፋብሪካው የፍሳሽ ማጣሪያ እንዳለውና እንደሚጠቀምበት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ክሮም በተባለ ኬሚካል የለፋ ቆዳ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ከታች ያለው ገበሬ በዚያው ውኃ ከብቱን ያጠጣል።

ስለዚህ የምግብ ቤት ባለቤቶች በሚቀጥለው የሥራ ውላቸው ላይ የእንስሳውን ዓይነት፣ ቆዳው የተገዛበትንና የለፋበትን ቦታ በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ፣ እኛ ሠሪዎችም ይህን ሳንጠየቅ እንድንናገር በጋዜጣችሁ በኩል በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ
ከአዲስ አበባ