ከመሐል ሜዳ ለጠፋው ወዳጄ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የከተማችን የመሐል ሜዳ ብርድ እንደምታውቀው ነው። ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ መቆየታችንን በሁለታችንም ስንፍና አሳብቤ ዝም እንዳልል፣ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰው የአክስትህ ልጅ የነገረኝ ነገር አላስቻለኝም። «ትልቅ ሰው ይሆናል ተብዬ ስጠበቅ ኖሬ፣ በወር ደመወዝ የማድር ተራ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ቀረሁ፤ ምን ይዤ ልሂድ?» ብለኸዋል አሉ። እግርህን ከአገር ያስቀረው ይህ ከሆነ፣ ነገሩ እኔ ካለሁበት ሲታይ ምን እንደሚመስል ልጽፍልህ ወደድሁ።

አንተ ሁልጊዜ አንደኛ ትወጣ ነበር፤ የእኔ ስም ከመሐል ነበር የሚገኘው። ዛሬ መምህር ሆኜ ያንኑ የውጤት ቀን በሌላ ወገን ቆሜ አየዋለሁ። ሰኔ ማብቂያ ላይ ወላጆች ይሰበሰባሉ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ተጠርተው ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፣ ይጨበጨባል፤ የቀሩት ልጆች ሁሉ ካርዳቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከትተው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። በፊት የማዝነው ለእነዚህ ነበር። አሁን ግን አንዳንዴ ለተሸላሚው የበለጠ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ከብዙኃኑ ጋር መቆም ሽንፈት ነው የሚለውን ትምህርት ማንም ሳይነግረው ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። አንተንም የጎዳህ ድህነት ሳይሆን ያ ጭብጨባ ይመስለኛል።

የእድራችን ጸሐፊ ሆኛለሁ፤ ሹመት ነው ብለህ እንዳትስቅ። መዝገቡ ላይ አባላት የሰፈሩት በገቡበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ባለሱቁ ከቀን ሠራተኛው በታች ይገኛል፤ መዋጮውም ቅጣቱም ለሁሉም አንድ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ አረጋዊ አርፈው መቃብር ስንቆፍር መሬቱ ውኃ ቋጥሮ፣ ጭቃው ከዶማው አልላቀቅ ብሎ አስቸገረን። ዶማው አንድ ብቻ ስለነበረ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ሳይጠየቅ ይቀበለዋል፣ የተቀበለውም ጭቃውን በጣቱ ጠርጎ ይቀጥላል። ማን የበለጠ እንደቆፈረ የቆጠረ ሰው አላየሁም። አንድ አባል ሳይመጣ ቀርቶ ከስሙ ፊት «ቀሪ» ብዬ ስጽፍ ግን፣ ስለ ቅጣቱ ከመነሣቱ በፊት «ምን ሆኖ ይሆን? አሞት ይሆን?» የሚል ድምፅ ከአንዱ ጥግ ይሰማል። የአንድ ቦታ ሰው መሆን ለእኔ ይህ ነው፤ ሲመጡ ሳይሆን ሲቀሩ መታወቅ።

ደግሞም የመንዛችንን ጓሳ አስታውሰው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ያንን የሣር ምድር አስቦና ጌራ የሚባሉ አባቶች ሥርዓት አበጅተው ለልጅ ልጆቻቸው እንዳወረሱት ይነገራል። የሁለቱ ስም እስከ ዛሬ አለ። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ እንዲያድግ፣ መንጋ እንዳይገባበት በዚያ ብርድ እየወጡ የጠበቁት፣ የመክፈቻው ቀን ሲደርስም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆናቸውን አጭደው የተመለሱት ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈርሶ ሣሩ እንዴት እንደተጎዳ ታላላቆቻችን ነግረውናል። የአስቦና የጌራ ስም እኮ ያኔም ነበረ፤ የታጣው ጠባቂው ነው። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ፎቶግራፍ የሚያነሣው የእነዚያን ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ሥራ ነው።

ይህ ያልደረሰበትን የሚንቅ ሰው ማጽናኛ ነው ትለኝ ይሆናል። የላቀ ችሎታን አልንቅም፤ ልጄ ሲታመም የምፈልገው ጎበዝ ሐኪም ነው። የእኛንም ኑሮ ማር አድርጌ ልስልልህ አልፈልግም፤ ደመወዙ ወሩን አያደርስም፣ ሰፈሩም ሲያማ የሚያህለው የለም። እኔም አንዳንድ ሌሊት «ይኸው ነው?» እያልሁ የምገላበጥበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ማለዳ ክፍል ስገባ፣ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ከአምናው አንደኛ ይልቅ የሚፈልገው ሳይሰለች ደግሞ የሚያስረዳውን ሰው መሆኑን አያለሁ፤ ያ ደግሞ ከእኔ አቅም በላይ አይደለም። አንተም የምትሠራው ሒሳብ ትክክል በመሆኑ ደመወዙን በወቅቱ የሚቀበል ዘበኛ ወይም የጽዳት ሠራተኛ መኖሩን አስበኸው ታውቃለህ?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የአባትህ ስም አሁንም በመዝገቡ ላይ አለ፤ ካረፉ ወዲህ መዋጮውን እናትህ አንድም ወር ሳያጓድሉ ይከፍላሉ፤ ድንኳን በመትከሉና በቁፋሮው በኩል ደግሞ ጎረቤቶችህ እየተተኩላችሁ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የሟች አባላት ቦታ በወራሾች ስም ይዛወር ተብሏል። እናትህን ብጠይቃቸው «ልጄን ጠይቁልኝ» አሉኝ። በእሳቸው ስም ላስቀጥለው ወይስ በአንተ? በአንተ ከሆነ፣ ስብሰባው ላይ በአካል ተገኝተህ መፈረም አለብህ፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ስለሆነ ለበዓሉ ከመጣህ ሁለቱም ይሆንልሃል። መልስህን ቶሎ ጻፍልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ