ወጣቶቹን ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ክፍል ላሻገራችሁ ሁሉ፤ የምስጋና መልእክት

ክሮንስ ወይም አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የተባለው ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ሕመም ይዟቸው በሕፃናት ክፍል ያደጉት ወጣቶች የዘንድሮ ሽግግር ተጠናቀቀ። ተጠናቀቀ የምንለው ደብዳቤው ስለተላከ አይደለም፤ ሁሉም በአዋቂዎች ክፍል ሁለተኛ ቀጠሯቸው ላይ ተገኝተው ሦስተኛውን አስጽፈው ስለወጡ ነው። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ቤተሰቡ ሁሉ ይቀሰቅሳል። ለሁለተኛው ግን ወጣቱ ራሱ መነሣት አለበት፤ ሰው ጠፍቶ የሚቀረውም እዚያ ላይ ነው። ይህን ምስጋና እስከ ዛሬ ያቆየነው በዚሁ ምክንያት ነውና ስለ መዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው ምስጋና ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። «ቢጫዋን ክኒን ነው የምወስደው» ትሉ የነበራችሁ ዛሬ «አዛቲዮፕሪን፣ 100 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ፣ ደሜ በየ3 ወሩ ይታያል» ትላላችሁ። ይህ በአንድ ቀን አልመጣም። ገና በ12 እና በ13 ዓመታችሁ የሕመማችሁን ስም በራሳችሁ አንደበት መናገር ጀመራችሁ። ቀጥሎ በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሄዳችሁና ደም እንዳያችሁ ለሐኪሙ ራሳችሁ መለሳችሁ። ከዚያም መድኃኒቱ ሊያልቅ 2 ሳምንት ሲቀረው ደውላችሁ ማስጻፍን ተለማመዳችሁ። በ16 ዓመት ዕድሜ ስለ ሰገራ ከማያውቁት ሐኪም ጋር ማውራት እንዴት እንደሚያሳፍር እናውቃለን፤ አወራችሁ። ራስ ምታት ሲይዛችሁ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መዋጥ ሕመሙን ሊያገረሸው እንደሚችል አውቃችሁ ፓራሲታሞል የጠየቃችሁትንም አንረሳም። ስልካችሁ ላይ የመድኃኒት ሰዓት ማንቂያ ስለሞላችሁ እናመሰግናለን። (ድምፁን ስላጠፋችሁባቸው ቀናት ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።)

እናቶችና አባቶች፣ ከምርመራ ክፍሉ ስለወጣችሁ እናመሰግናችኋለን። ሲሉት ቀላል ይመስላል። ሐኪሙ ልጁን «ሆድህን እንዴት አደረገህ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የእናት አፍ ቀድሞ ይከፈታል፤ ለዓመታት ሌሊት የተነሡት፣ የቆጠሩት፣ የጻፉት እሳቸው ናቸውና አይፈረድባቸውም። በመጀመሪያ ዓመት 5 ደቂቃ፣ በኋላ ግማሹን ሰዓት፣ በመጨረሻ «ስትጨርስ ጥራን» ብሎ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ትልቅ ሥራ ነው። በሩ ሲዘጋ የሚነገረው ነገር ሌላ ነው። የተዘለለ ክኒን፣ የተጀመረ ሲጋራ፣ የፍቅር ጓደኛ። ሲጋራ ክሮንስን ያባብሳል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ፅንስን ይጎዳል፤ ስለዚህ ወጣቷ ስለ እርግዝና መከላከያ ብቻዋን መጠየቅ አለባት፣ እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው እውነቱን አትናገርም። ሰልፋሳላዚን የሚወስድ ወንድ ልጅም መድኃኒቱ የወንድ ዘር (ስፐርም) ቁጥር እንደሚቀንስ፣ ሲቆም ደግሞ እንደሚመለስ በግል ሊነገረው ይገባል። እናንተ ባትወጡ ኖሮ ይህ ሁሉ ሳይነገር በቀረ ነበር።

ነርሶች ሆይ፣ የእናንተን ውለታ በምን እንደምንከፍለው አናውቅም፤ ውለታ መላሽ ያድርገን። በዚህ ሥራ ከባዱ ነገር የሕፃናት ክፍሉ የመጨረሻ ቀጠሮና የአዋቂዎች ክፍሉ የመጀመሪያ ቀጠሮ መካከል ያሉት ሳምንታት ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት ወጣቱ የማንም ታካሚ አይደለም። በደም ሥር የሚሰጠው የብግነት መድኃኒት ኢንፍሊክሲማብ በ0፣ በ2 እና በ6ኛው ሳምንት ተሰጥቶ ከዚያ በየ8 ሳምንቱ ይቀጥላል። አዲሱ ክፍል ቀጠሮ የሰጠው ከመጨረሻው መድኃኒት በኋላ በ14ኛው ሳምንት ከሆነ መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ያልቃል፣ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል፣ ሲመለስ ወይ አይሠራም ወይ መርፌው እየገባ ሳለ ደረት ማጥበቅና ሽፍታ ያመጣል። ለዓመታት የሠራ መድኃኒት በቀጠሮ ስህተት ይባክናል ማለት ነው። እናንተ ይህን የዘጋችሁት በአንድ ጥብቅ ደንብ ነው፦ የሚቀጥለው መድኃኒት የሚሰጥበት ቀን፣ ቦታውና የሚያዝዘው ሐኪም ሦስቱም ሳይጻፉ ማንም አይሻገርም። ተቀባዩ ካልደረሰ ላኪው ይሰጣል። አንዳንዶች ይህን ቢሮክራሲ ብለውታል። እኛ ግን ከሽግግሩ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብንባል የምንይዘው ይህንን ነው።

በቤት ውስጥ አዳሊሙማብ የተባለውን መድኃኒት ራሳቸው የሚወጉትንም ከፍሪጅ አጠባበቁ ጀምሮ አስተምራችኋል። ብዕር መሳዩን መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቆየት፣ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ማራቅ፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም መጣል። ከመወጋት በፊት 30 ደቂቃ ያህል አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፤ ቀዝቃዛው ነው ይበልጥ የሚያቃጥለው። በሙቅ ውኃ ወይም በማይክሮዌቭ ማሞቅ የለም። ጭን ወይም ሆድ፣ ከእምብርት 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ባለፈው የተወጋበት ቦታ ላይ ሳይደግሙ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የመጀመሪያዋን መርፌ ሲጫኑ አጠገባቸው ቆማችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ የከተታችሁት ነርሶች፣ አለመርዳታችሁ ትልቁ እርዳታ ነበር።

የሕፃናት ሐኪሞቻችንን ስለ ደብዳቤዎቹ እናመሰግናለን። መጥፎ ደብዳቤ «ኢንፍሊክሲማብ አልሠራለትም» ይላል። ጥሩው ደብዳቤ ያን ጊዜ በደሙ ውስጥ የነበረውን የመድኃኒት መጠንና ፀረ እንግዳ አካል መኖር አለመኖሩን ይጽፋል። መጠኑ ዝቅተኛ ስለነበር ያልሠራ መድኃኒትና በቂ ሆኖ ሳለ ያልሠራ መድኃኒት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ገና ተስፋ አለው። «አንጀቱ ተቆርጧል» ሳይሆን የትኛው ክፍል፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ጻፋችሁ፤ የትንሹ አንጀት መጨረሻ የተወሰደበት ልጅ ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥረው ስለሚችል ተቀባዩ ይህን ማወቅ አለበት። ክብደትንም አልዘነጋችሁም። በ45 ኪሎ ጊዜ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ታስቦ 225 ሚሊ ግራም የታዘዘለት ልጅ ዛሬ 60 ኪሎ ሆኗል፣ የሚያስፈልገው 300 ነው፤ የድሮው ቁጥር እንዳለ ተገልብጦ ቢሄድ ኖሮ ሕመሙ ሲያገረሽ ማንም ምክንያቱን አያውቅም ነበር።

ከሁሉ በላይ ሕመሙ የጀመረበትን ዓመት ከላይ በጉልህ ማስፈራችሁ። ትልቁ አንጀታቸው በሰፊው የተጎዳ ሕሙማን ምልክቱ ከታየ 8 ዓመት ገደማ ሲሆነው ካንሰርን ለመቃኘት ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) መጀመር አለባቸው። በ10 ዓመቷ የታመመች ልጅ 18 ሲሞላት ጊዜዋ ደርሷል፤ አዲሱ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ግን ወጣትና አዲስ ታካሚ ስለምትመስል ቆጠራው ከዚያ ቀን የሚጀምርላቸው ብዙ ናቸው። የሐሞት ቱቦን የሚያጠብበው ስክሌሮሲንግ ኮላንጃይቲስ ለተጨመረባቸው ደግሞ 8 ዓመት አይጠበቅም፤ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ነው።

የአዋቂዎች ሐኪሞች፣ በጋራ ቀጠሮው ላይ ከሕፃናት ሐኪሙ ጎን ተቀምጣችሁ መጀመሪያ ስላዳመጣችሁ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። የሠራውን መድኃኒት በመጀመሪያው ቀን አለመቀየር ትሕትና ይጠይቃል። እዚህ ላይ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ስም ይነሣ። የአንጀት ብግነትን የሚያሳየው የሰገራ ፕሮቲን፣ ካልፕሮቴክቲን፣ በግራም ከ50 ማይክሮ ግራም በታች ሲሆን ደህና ነው፣ ከ250 በላይ ሲወጣ ብግነቱ መንቃቱን ይጠቁማል። ነገር ግን በሁለት የተለያዩ የመመርመሪያ ኪቶች የተለካ ቁጥር አይወዳደርም። የላቦራቶሪ ለውጥ ብቻ ወጣቱን «አገረሸበት» ሊያስብለው ይችላል። እናንተ የኪቱን ስም ከውጤቱ ጎን በመጻፋችሁ ስንት አላስፈላጊ ስቴሮይድ ቀረ! የኮሎኖስኮፒ ቡድኑንም እንዲሁ፤ በሕፃንነታቸው ሙሉ ማደንዘዣ የለመዱ ወጣቶች እዚህ በማረጋጊያ ብቻ እንደሚሠራላቸው፣ የአንጀት ማጠቢያውም መድኃኒት ግማሹ ማታ ግማሹ ጠዋት እንደሚጠጣ ቀድማችሁ ስለነገራችኋቸው።

አንድ ቅሬታ ሳንናገር አናልፍም። 18 ዓመት ሞላ ተብሎ ሕመሙ አገርሽቶ ሳለ፣ ስቴሮይድ ላይ እያለ የተላከ ልጅ አለ። ልደት የሕክምና መመዘኛ አይደለም። ሽግግር ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ ነው የሚደረገው፤ ቀዶ ሕክምና ወይም የመልቀቂያ ፈተና በተቃረበበትም አይደለም። «ስድስት ወር ይቆይ» ብላችሁ ከአስተዳደር ጋር የተሟገታችሁ፣ ለእናንተ የተለየ ምስጋና አለን።

በመጨረሻ ስልኩን ለምታነሡት። በቀጠሮው ቀን ያልተገኘ ወጣት ስሙ ላይ መስመር ተሰርዞ አልቀረም፤ በማግስቱ ተደውሎለታል፣ ካላነሣ መልእክት ተልኮለታል፣ አሁንም ካልመለሰ የሕፃናት ክፍል ነርሱ ደውሎለታል፤ ድምፁን ያውቃልና። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለው ተቅማጥ ከትኩሳት ወይም በደቂቃ ከ90 በላይ ከሚመታ ልብ ጋር ሲመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ይህን ለሁሉም በካርድ ጽፋችሁ ሰጣችኋቸው፤ ከካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥርም የምር የሚነሣ ሆኖ አግኝተውታል። እግዜር ይስጥልን።