ለአነስተኛ ሥራ የሚገዛ የባትሪ ሳንደር በቮልት ቁጥር አይመረጥ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በገጾቻችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች በጎንደር የምንገኝ አናጺዎች በፍላጎት እናነባቸዋለን። ስለ ብድር፣ ስለ መሥሪያ ቦታና ስለ ገበያ ትስስር ብዙ ተብሏል፤ ወጣቱ ብድሩን ካገኘ በኋላ ገንዘቡን ስለሚያፈስበት መሣሪያ ግን እምብዛም አይነሣም። የዛሬው ደብዳቤዬ ከእነዚህ መሣሪያዎች ስለ አንዱ፣ ለአነስተኛ ሥራ ስለሚገዛው በባትሪ የሚሠራ ባለ ክብ ሰሌዳ ሳንደር፣ ማለትም ሰሌዳው ላይ የብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎበት እንጨት ስለሚያለሰልሰው ማሽን ነው። በካርቶኑ ላይ በጎላ ቀለም የተጻፈውን የቮልት ቁጥር ብቻ አይተው የሚገዙ ወጣቶች በብዙ ድካም ያገኙት ገንዘብ ሲባክን ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ ማሽኑ በምን መመረጥ እንዳለበት መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የማሽኑ ተፈላጊነት ከከተማችን የሥራ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ክረምት ሲገባ እርጥበት ስቦ ያበጠውንና አልዘጋ ያለውን በር ከተላገ በኋላ ጠርዙን ማለስለስ፣ ቀለሙ የተላላጠውን የመስኮት ፍሬም ለአዲስ ቀለም ማዘጋጀት፣ የረከቦትን ቫርኒሽ ማደስ፣ ለቤተ ክርስቲያን የታዘዘ አትሮንስ ወይም ለሠዓሊ የሚሰጥ የሥዕል ሰሌዳ ማሳመር፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ ያለን አናጺዎች የምንተዳደርበት የዕለት ሥራ ነው። አብዛኛው የሚሠራውም በደንበኛው ግቢ ወይም በረንዳ ላይ ስለሆነ ሶኬቱ ይርቃል፤ መብራትም ሥራው መሀል ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ገመድ አልባው ማሽን እንደ ቅንጦት ሊቆጠር አይገባም። ቀኑን ሙሉ በወርክሾፕ ተቀምጦ ትልልቅ ጠረጴዛ ለሚያለሰልስ ሰው ግን የምመክረው ባለ ገመዱን ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ባትሪ አለቀ ተብሎም ሥራ አይቆምም።

ብዙ ሰው ይህን ማሽን ከግራይንደር ጋር ያምታታዋል። ግራይንደር ዲስኩን በአንድ መሀል ላይ ብቻ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚያዞር እንጨት ላይ ሲያርፍ ቀስት የመሰለ ጭረት ይተዋል፤ ያ ጭረት ቫርኒሽ ሲቀባ ይባስ ይጎላል። እኔ የምለው ሳንደር ግን ሰሌዳው ከሞተሩ ዘንግ ጥቂት ፈንጠር ብሎ በኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ትንንሽ ክብ እያበጀ ሲንቀጠቀጥ በዚያው ላይ በነጻነት ይሽከረከራል፤ ስለዚህ አንዲቱ የአሸዋ ቅንጣት ያለፈችበትን መንገድ ደግማ አትሄድበትም። የዚህ ንቅናቄ ስፋት በትንንሾቹ ማሽኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2.4 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ለምሳሌ ማኪታ ዲቢኦ180 የተባለው ባለ 18 ቮልት ሞዴል የንቅናቄው ስፋት 2.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ፍጥነቱም በደቂቃ 7,000፣ 9,500 እና 11,000 ተብሎ በሦስት ደረጃ ይቀየራል። እነዚህ ቁጥሮች የሚቆጥሩት ንቅጥቅጡን እንጂ የሰሌዳውን ሽክርክሪት አይደለም። የሰሌዳው ሽክርክሪት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ሠራተኛው ማሽኑን በክንዱ ሲጫነው ደግሞ ጨርሶ ይቆማል። የጥራት ጉድለት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቮልቱ ልምጣ። በገበያው ላይ 21፣ 48፣ 88፣ አልፎም 128 የሚል ቁጥር የተለጠፈባቸው ባትሪዎች ይታያሉ። እንዲህ ያለው ባትሪ ሲከፈት ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በተከታታይ የተያያዙ አምስት የሊቲየም ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል መደበኛ ቮልቱ 3.6 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ሲሞላ እስከ 4.2 ይደርሳል። አምስቱ ሲደመሩ መደበኛው 18፣ ሲሞላ 21 ይሆናል፤ ከዚህ በላይ የተጻፈው ቁጥር ስያሜ እንጂ ልኬት አይደለም። በአሜሪካ 20 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው የዲዎልት ባትሪ በአውሮፓ 18 ቮልት የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ 88 የተጻፈበት ማሽን 18 ከተጻፈበት አምስት እጥፍ ገደማ ይበረታል ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ፈጽሞ አግባብ አይደለም።

ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ ነው። ይህም ቮልቱን በባትሪው ላይ Ah ተብሎ በሚጻፈው አምፔር-ሰዓት በማባዛት ይገኛል። ባለ 18 ቮልት፣ 2 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 36 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ባለ 5 አምፔር-ሰዓቱ ደግሞ 90። መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ በስቶ ያርፋል፤ ሳንደር ግን ያለ ማቋረጥ ይስባል። ማሽኑ በአማካይ 120 ዋት ይስባል ብንል ትንሹ ባትሪ 18 ደቂቃ፣ ትልቁ 45 ደቂቃ ያሠራል ማለት ነው። በአንጻሩ ትልቁ ባትሪ ከባድ ነው፤ በር እንደ ቆመ ጠርዙን ወይም የመስኮት ፍሬም ለሚያለሰልስ ሰው ክንድ ያዝላል። ለአነስተኛ ሥራ ሁለት መካከለኛ ባትሪዎች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ የምለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል፣ መብራት ቢጠፋም አንዱ በተጠባባቂነት ይቆያል። አናጺው ቀድሞ የአንድ ኩባንያ የባትሪ መሰርሰሪያ ካለው ደግሞ ያንኑ ባትሪ የሚቀበል ሳንደር ያለ ባትሪ መግዛት ይችላል፤ ወጪውም በእጅጉ ይቃለላል።

ማሽኑን ዘመድ ከውጭ የሚያመጣለት ሰው በከተማችን ብዙ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ከአሜሪካ የሚመጣ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ስለሆነ፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ኢንፑት ከሚለው ቃል ቀጥሎ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ ችግር የለበትም፤ ካልተጻፈ ግን ዘመድየው ማሽኑን ብቻ ይዞ ይምጣ፣ ቻርጀሩም እዚሁ ወይም 220 ቮልት ከሚጠቀም አገር ይገዛ። በአውሮፕላን ሲመጣም ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከመንገደኛው ጋር በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ መላክ የተከለከለ ነው፤ ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደውም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ነው። ከላይ የጠቀስሁት ባለ 90 ዋት-ሰዓት ባትሪ በዚህ ወሰን ውስጥ ያልፋል።

ሌላው ጉዳይ ወረቀቱ ነው። የሰሌዳው ስፋት 125 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ለዚህ መጠን የሚሆነው ክብ የብርጭቆ ወረቀት ከሌሎቹ በቀላሉ ይገኛልና። በዚህ መጠን የተለመደው ባለ 8 ቀዳዳ ነው፤ የወረቀቱ ቀዳዳ ከሰሌዳው ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ አቧራው መውጫ ያጣና ወረቀቱን ይደፍነዋል። በቁጥር አመራረጥ ላይ የ80 ቁጥሩ ቅንጣት 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የ120ው 0.125፣ የ180ው ደግሞ 0.08 ገደማ ነው። ከ80 በቀጥታ ወደ 180 መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን 180ው 80ው የቆፈረውን ጭረት ማጥፋት ስለማይችል፣ ዋንዛ ላይ ቫርኒሽ ሲያርፍ ጭረቱ ሁሉ ይወጣል። ስስ የእንጨት ልባስ በተለጠፈበት ኮምፔርሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ላይ ልባሱ ከ1 ሚሊ ሜትር ሊያንስ ስለሚችል ቁጥሩ ከ180 በታች በሆነ ወረቀት ባይነካ፣ ፍጥነቱም ዝቅ ቢል ይሻላል። የረከቦት እግር መጋጠሚያና የመስኮት ማዕዘን ክብ ሰሌዳ አይገባባቸውም፤ እዚያ ሥራው የእጅ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳለ ሊደረግ የሚገባ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ገዢው ቁራጭ ጣውላ ይዞ ይሂድ። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ በጠመኔ አጭር መስመር ያስምርና ማሽኑን አስነሥቶ በራሱ ክብደት ብቻ ጣውላው ላይ ያሳርፈው፤ መስመሩ በዝግታ ሲዞር መታየት አለበት። ቀለል አድርጎ ሲይዘው እንኳ መስመሩ ባለበት ከቆመ ሞተሩ ደካማ ነው። ቀጥሎ ማሽኑን ከጣውላው ያንሣው። ጤነኛ ማሽን የሰሌዳውን ሽክርክሪት የሚገታ የጎማ ቀለበት ስላለው ከፍ ሲል ፍጥነቱ አይፈነዳም፤ ቀለበቱ የሌለው ወይም ያለቀ ከሆነ ሰሌዳው በአየር ላይ ይከንፍና ተመልሶ ጣውላው ላይ ሲያርፍ ይቦጭቃል። በመጨረሻ ጣውላውን ወደ ሱቁ በር አውጥቶ ብርሃን በጎን እንዲመታው አዘንብሎ ይየው። እንደ ጥፍር ጫፍ የተጠማዘዙ ትንንሽ ጭረቶች ከታዩ ያን ማሽን ይተወው። ካርቦን (ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና እየተፋቀ የሚያልቅ ቁራጭ) የሌለው ሞተር ቢያገኝ ደግሞ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ለካርቦን ቅያሪ አይመላለስም፤ ከአንድ ባትሪም ረዘም ያለ ሥራ ያገኛል።

አቧራን በሚመለከት ብዙዎቻችን ቸልተኞች ነን። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ከሳንደር የሚወጣው አቧራ ደግሞ ከመጋዝ ከሚወጣው ሰጋቱራ እጅግ የላመ ነው። የማሽኑ ከረጢት ሻካራውን ይይዛል እንጂ የላመውን ሁሉ አይዝም፤ ስለዚህ ከረጢቱ በደንብ የሚገጥም፣ የመውጫው አፍም የአቧራ መምጠጫ ቱቦ የሚቀበል ሆኖ፣ ሠራተኛው ማስክ ማድረግ አለበት። ያረጀ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሕፃናት ባሉበት ቤት ውስጥ በደረቁ መፋቅ አይገባም፤ ፍሬሙ ወደ ውጭ ይውጣ።

የመሣሪያ ነጋዴዎቻችንን በአክብሮት የምጠይቀው ከተለጣፊው የቮልት ቁጥር ይልቅ የባትሪውን ትክክለኛ ዋት-ሰዓት፣ የንቅናቄውን ስፋትና የወረቀቱን መጠን በዋጋው ወረቀት ላይ እንዲጽፉ፣ ገዢውም ማሽኑን በቁራጭ እንጨት ላይ እንዲሞክር እንዲፈቅዱ ነው። የጋዜጣው ዝግጅት ክፍልም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚያስተምሩ ባለሙያዎችን እየጋበዘ ስለ መሰርሰሪያ፣ ስለ ግራይንደርና ስለ ባትሪ አያያዝ በተከታታይ ቢያስጽፍልን፣ ብድር ወስደው መሣሪያ ሊገዙ ለተዘጋጁት ወጣቶች ከግዢው በፊት በእጃቸው ይደርስ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አናጺ፣ ከጎንደር