ጣና ዳር መጥቼ ልጻፍ ላልሽኝ ልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ያማታል፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ስትባል ግን መልሷ ሁልጊዜ "ነገ" ነው።

የላክሽውን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። የባንኩን ሥራ ለቅቀሽ ልትመለሺ፣ ጣና ዳር ጸጥ ያለ ቤት ተከራይተሽ ልብ ወለድሽን ልትጽፊ አስበሻል። ነይ፤ ቤቱ ቤትሽ ነው፣ ኪራይም አያስፈልግሽም። ለመጻፍ ብለሽ ከሆነ ግን አትምጪ። ሐይቁን ከሩቅ ሆነሽ አሳምረሽዋል። ጠዋት ታንኳ ሲያልፍ እያየሽ ትፈዢያለሽ፤ ረፋድ ላይ ሙሽሮች ጥሩንባ እያስነፉ ለፎቶ ይመጣሉ፤ ከሰዓት ነፋሱ ወረቀትሽን ይበትነዋል፤ ማታ ጓደኞችሽ ዓሣ እንብላ ብለው ይጠሩሻል። ጣና ሰውን ያስቀምጣል እንጂ አያጽፍም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃው አጠገብ ኖሬ የጻፍኩት የባለጉዳይ ማመልከቻ ሁሉ የተጻፈው ፍርድ ቤት በር ላይ ነው፤ ባጃጅ እየጮኸ፣ ባለጉዳይ ከኋላዬ ቆሞ እያንዳንዷን ፊደል እየተከታተለ።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ በልጅነትሽ በጀልባ እየወሰድኩሽ ቡናውን ያሳየሁሽ ያው ዘጌ። መጽሐፉ የታተመው ግን ሮም ነው፣ በ1900 ዓ.ም.። ሲጽፍ ጣና ከፊቱ አልነበረም። ከእሱ በፊት በአማርኛ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ስላልነበረም አይቶ የሚከተለው ናሙና እንኳ አልነበረውም። (ኋላ ከጣሊያን ጋር መወገኑ ሌላ መዝገብ ነው፣ ዛሬ አልከፍተውም።) አንቺ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የተጻፈ ልብ ወለድ ከኋላሽ አለ፤ የሚቀርሽ መቀመጥ ብቻ ነው።

"ስሜት ሲመጣልኝ ሌሊቱን ሙሉ እጽፋለሁ፣ ካልመጣ ወር ሙሉ ብዕር አልነካም" ብለሻል። እኔ ክስ ሊያጽፍ የመጣን ሰው "ዛሬ ስሜቴ አልመጣም፣ ሐሙስ ተመለስ" ብዬው አላውቅም። ብዬው ቢሆን ኖሮ አንቺም ትምህርት ቤት አትሄጂም ነበር። "ያ ማመልከቻ ነው፣ ፈጠራ አይደለም" እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ እውነትሽን ነው። ቢሆንም እጅ የሚፍታታው ሲሠራ ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ግትር ነው፤ ሁለተኛው ትንሽ ይለዝባል፤ አንድ አንቀጽ ካለፈ በኋላ ባለጉዳዩ ሊነግረኝ ያላሰበውን መጠየቅ እጀምራለሁ። ስሜት የምትዪው ነገር እኔ ዘንድ የሚመጣው ያኔ ነው።

ስለዚህ ሥራሽን አትልቀቂ። ደመወዝ የሌለው ደራሲ በየገጹ መሐል የቤት ኪራይ ያስባል። ከሥራ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ያዢ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል፣ ስልኩ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ። ለቀኑ ከራስሽ የምትጠይቂው ግማሽ ገጽ ብቻ ይሁን። ሳቅሽ ተሰማኝ። እሑድን፣ በዓላትን፣ የታመምሽበትንና የሰነፍሽበትን ቀን ሁሉ ቀንሰሽ በዓመት 300 ቀን ቢተርፍሽ 150 ገጽ ነው። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፣ አስዪው። እስከ ዛሬ በየሌሊቱ የጻፍሽው ቢደመር 150 ገጽ ይሞላል? (ቀስ በቀስ እንቁላል የሚለውን ተረት አልጽፍልሽም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰልችቶሻል።)

ስታቆሚ ደግሞ ሐሳቡ ሳያልቅብሽ አቁሚ። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ እኔም ጠረጴዛዬን እሰበስባለሁ። የጀመርኩትን አቤቱታ ዐረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ትቼው የሄድኩ እንደሆነ በማግስቱ ገና ስቀመጥ እጄ ይሄዳል። ጨርሼ የሄድኩ እንደሆነ የሚጠብቀኝ ባዶ ወረቀት ነውና ሻይ አዝዛለሁ፣ ጋዜጣ እገልጣለሁ፣ ከሊስትሮው ጋር ስለ እግር ኳስ እከራከራለሁ። አንድ ቀን ቢያመልጥሽም የነገውን እጥፍ አታድርጊው። ያመለጠ ቀን እንደ ባንካችሁ ብድር ወለድ አይወልድም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው የተጠራቀመውን በአንድ ቀን ልክፈል ብሎ የተነሣ ዕለት ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጡ እናት ስለ ባለቤታቸው ውርስ ሊያጽፉ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። "ባለቤትዎ መቼ ነው ያረፉት?" አልኳቸው፤ ማመልከቻው ቀን ይፈልጋል። እሳቸው ግን ከላሟ ጀመሩ። ያን ዕለት ላሟ ሳትታለብ ማርፈዷን፣ ጥጃው ገመዱን በጥሶ ጠብቶ መጨረሱን፣ ስለ ሞቱ ያልሰማች ጎረቤት እርጎ ልትበደር ቅል ይዛ መምጣቷን፣ እሳቸውም "ዛሬ ወተት የለም" ብለው ብቻ መመለሳቸውን ነገሩኝ። ብዕሬን አስቀምጬ አዳመጥኳቸው። ማመልከቻው ላይ የሰፈረው "ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል" የሚል ነው፤ ዳኛው የሚፈልጉት እሱን ነውና። ላሟ፣ ጥጃውና ቅሉ ከወረቀቱ ውጭ ቀሩ። የአንቺ ድርሻ እነሱ ናቸው። ሰው የጎዳውን ነገር በቀጥታ አይናገርም፤ በአጠገቡ በነበረው ነገር በኩል ዞሮ ይመጣል። በቦርሳሽ ትንሽ ደብተር ይኑር፤ በባንኩ መስኮት በኩል የሰማሽውን አነጋገር በዚያው ዕለት፣ ለዛው ሳይጠፋ ጻፊው። ስሙንና ጉዳዩን ግን ለውጪ። የእኔም ባለጉዳይ፣ የእናንተም ደንበኛ አምኖ ነው የተናገረው፤ የሰው ገመና ለመጽሐፍ አይሸጥም።

በእያንዳንዱ ማመልከቻ ግርጌ የቀረበው ሁሉ እውነት ስለመሆኑ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የሚያረጋግጥ ቃል እጽፋለሁ፤ ባለጉዳዩም ይፈርማል። አንቺ ቁጥር 92 የለብሽም፣ እንደፈለግሽ ትፈጥሪያለሽ። ነገር ግን አንባቢ ከዳኛ ይብሳል። ዳኛ ማስረጃ አቅርብ ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ አንባቢ መጽሐፉን አጥፎ ይተኛል። ያ ፓሪስ ውስጥ የሚሆነው፣ የጀመርሽው ታሪክ ለምን የቆመብሽ ይመስልሻል? ሴትዮዋ ቡና ስታዝዝ አስተናጋጁ ምን እንደሚመልስላት አታውቂም።

እርማት የሌላ ሰዓት ሥራ ነው። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ስለቆየሁባት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ጎጃም ውስጥ ለቅኔ የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚቆጥረው፣ ማለትም አስቦ የሚያዘጋጀው፣ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ነው፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ። ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ቀን ደበሎውን ደርቦ ከዛፍ ሥር ለብቻው ይቀመጥና ይቆጥራል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ የተጣመመውን ያቃናሉ፤ የማይቃና ከሆነ "ተወው፣ ሌላ ቁጠር" ይሉታል። በማግስቱም እንደዚያው ነው፤ የትላንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም። አንቺ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ተማሪውንም የኔታንም ሆነሽ ስትሟገቺ ይነጋል። በሥራ ቀን ጠዋት ቁጠሪ፤ ማቃናቱን ለቅዳሜ ከሰዓት አቆዪው።

የቅኔ ተማሪ የኔታ ባይጠብቁት ኖሮ ዛፉ ሥር እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እኔን በእርግጥ ይወስደኝ ነበር። አንቺም የሚጠብቅሽ ሰውና የተቆረጠ ቀን ያስፈልግሻል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ደንበኞቼ በ59ኛው ቀን ላብ እያጠመቃቸው ይመጣሉ። ቀን ያልተቆረጠለት ጉዳይ ያለው ሰው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ "ነገ አጽፍሃለሁ" እያለ በደጄ ያልፋል። ስለዚህ በየ60 ቀኑ አንድ ያለቀ ምዕራፍ ትልኪያለሽ። አዲስ ታሪክ መጀመር የለም፤ ከጀመርሻቸው አንዱን መርጠሽ ጨርሺ፣ ደካማ ሆኖም ቢሆን ይለቅ። ያላለቀ ነገር አይታረምም።

የምትልኪውም ለእኔ አይደለም። ልጄ ስለሆንሽ ሁሉም ያማረ ይመስለኛል። ለእናትሽ ላኪ፤ ማታ እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። "ወጡን ላማስል" ብላ የተነሣችበትን ቦታ በእርሳስ አሰምርበታለሁ። ለምን እንደተነሣች እሷን አትጠይቂያት፣ ወጡ ነው ትልሻለች። አንቺው ገጹን ደግመሽ አንብቢው።

በርበሬና ሽሮ ቅዳሜ በሚነሣው አውቶቡስ እልክልሻለሁ። ሲደወልልሽ ቶሎ ሂጂ፤ ባለፈው ረዳቱ ቆሞ ጠብቆሽ ለእኔ ነው የተቆጣው። ለጥምቀት ፈቃድ ካገኘሽ ነይና ሐይቁ ዳር አብረን እንውላለን፤ ዓሣውን እኔ እጋብዛለሁ፣ ኮምፒውተሩን እዚያው ተይው። 60 ቀኑ የሚቆጠረው ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ ዕለት ጀምሮ ነው፤ የደረሰሽን ቀን በስልክ ንገሪኝና መዝገቤ ላይ ልጻፈው።

አባትሽ
ባሕር ዳር